ጣቱ የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና ጠየቀችኝ። «መምህር፣ ጣቱ የማን ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ጥርስ ራጅ ስህተቶች ሳስተምር ሁልጊዜ የማሳየው አንድ የቆየ ፊልም አለ። የላይኛው የፊት ጥርስ ይታያል፣ ከሥሩ ጎን ደግሞ የሰው ጣት አጥንት ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ከበታቹ «ስህተት፦ የጣት ጥላ» የሚል ጽሑፍ አለው። ተማሪዎች አይተውት ይሳሳቃሉ፣ እኔም «ጣት ከፊልሙ ፊት እንዳይገባ ተጠንቀቁ» ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ማንም ጣቱ የማን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

«የረዳቴ ነው» አልኳትና አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሙሉውን መልስ ለእሷም ለእናንተ ለተማሪዎቼም እዚህ ልጻፈው።

ከተመረቅኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የምሠራበት ክሊኒክ አንድ አሮጌ የራጅ ማሽን ነበረው፣ ጨረሩ የሚወጣበት፣ ጫፉ ሹል የሆነ የፕላስቲክ ኮን ያለው። ያ ዓይነት ኮን ጨረሩን ወዲያና ወዲህ ስለሚበትነው ዛሬ አይመከርም። ፊልሙን አፍ ውስጥ ደግፎ የሚይዝ መሣሪያ፣ ፊልም ሆልደር፣ አልነበረንም። ታካሚው ፊልሙን በራሱ ጣት ይደግፋል፣ መያዝ የማይችል ሰው ሲመጣ ደግሞ ረዳቴ ሲስተር ይይዛሉ። ሲስተር በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚበልጡ፣ የሚያለቅስ ልጅ ማባበል የሚችሉበት ሴት ነበሩ። እኔ ክሊኒኩ ከመግባቴ በፊትም ሲይዙ ኖረዋል። ሥራቸው እንደሆነ ነው ሁላችንም የምናስበው።

አንድ ጠዋት የ4 ዓመት ልጅ መጣ። ወድቆ የፊት የወተት ጥርሱን ተመትቷል። ጥርሱ በድዱ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፣ ቢውጠው ወይም ወደ ሳንባው ቢገባ ሌላ ጣጣ ነው። ልጁ ይጮኻል፣ እናቱ ከእሱ ብሳ ታለቅሳለች። እኔም ዶክተር መምሰል አለብኝና «ራጅ እናንሳ» አልኩ።

«ዶክተር፣ እኔ ልያዝለት» አሉ ሲስተር። ጓንት አጠለቁ። የላቴክስ ጓንት ጨረር አያቆምም፣ ግን እጅ ሲሸፈን የተጠበቀ ይመስላል። ያለችን አንዲት የሊድ ኤፕረን፣ ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥ፣ ልጁ ላይ ነበረች፣ እሳቸው ላይ ምንም የለም። እኔ ሄጄ ግድግዳው ጀርባ ቆምኩ።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆዩልኝ። ያኔ ጨረር እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም። ባላውቅ ኖሮ ግድግዳ ጀርባ ምን አደርግ ነበር?

የመጀመሪያው ፎቶ ግማሹ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ኮኑን አዛብቼ ስላነጣጠርኩ ጨረሩ ፊልሙን በሙሉ አልሸፈነውም። ጨለማ ክፍል ገብቼ፣ ፊልሙን ዴቨሎፐር በሚባለው ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ ነክሬ፣ ጠብቄ፣ አውጥቼ እስካየው ድረስ ሲስተር ልጁን አቅፈው «አይዞህ የኔ ጌታ» እያሉ ይጠብቁኛል። ሁለተኛው ላይ ልጁ ተወራጨ፣ ፎቶው ደበዘዘ። በሦስተኛው ጣታቸው ከፊልሙ ጀርባ ወደ ፊት ተንሸራተተ፣ ለእናንተ የማሳያችሁ እሱ ነው። በአራተኛው ማዕዘኑን አሳሳትኩና ጥርሱ ከልኩ በላይ ረዝሞ ወጣ። አራት ጊዜ «ዝግጁ ነዎት?» አልኩ። አራት ጊዜ «ዝግጁ ነኝ ዶክተር» አሉኝ።

ከዚያ ጥርሱን ነቀልኩት። እንደምነቅለው ልጁ አፉን ሲከፍት ነው ያወቅኩት። ሌላ ምርጫ አልነበረም። ከሥሩ ያለውን የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ማየት ያስፈልግ ነበር የሚለኝ ይኖራል፣ ልክ ነው፣ ግን ያ ልጁ ተረጋግቶ በሌላ ቀን ሲመጣ ይደርሳል። አራቱም ፎቶዎች በዚያ ጠዋት የሠራሁትን ሥራ በአንዲት ነገር አልቀየሩትም።

አሁን ነገሩን እንዳላካብደው ስሌቱን ልንገራችሁ። በዛሬ መሣሪያ አንድ የአፍ ውስጥ ፎቶ ለታካሚው የሚሰጠው መጠን ብዙውን ጊዜ ከ10 ማይክሮሲቨርት በታች ነው (ሲቨርት የጨረር መጠን መለኪያ ነው፣ 1,000 ማይክሮሲቨርት 1 ሚሊሲቨርት ይሆናል)። ሰው ምንም ራጅ ሳይነሳ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ፎቶ ከአንድ ቀን የተፈጥሮ ጨረር ጋር የሚቀራረብ ነው። ይህንን ለሚፈራ ታካሚ ንገሩት፣ አታስፈራሩት። ታካሚው ግን አንድ ቀን ተነሥቶ ይሄዳል። ሲስተር ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ናቸው፣ ያውም ጣታቸው ዋናው ጨረር ውስጥ። ምን ደረሰባቸው ብትሉኝ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ ምንም። በጡረታ እስኪወጡ እጃቸው ደህና ነበር። ለእኔ ግን ይህ እፎይታ አይሰጠኝም፣ ምክንያቱም ደህና የሆኑት እኔ ስለጠበቅኳቸው አይደለም።

የሁሉም ዕጣ እንዲህ አልነበረም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን የራጅ ጨረርን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው። ወዲያው በ1896 መጀመሪያ ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ዎልክሆፍ የራሱን ጥርስ አነሣ፣ ለ25 ደቂቃ ጨረሩ ፊት ሆኖ። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ ደግሞ ማሽኑን ለማስተካከል የገዛ እጁን ጨረር ውስጥ እያስገባ ያይ ነበር፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት። መጀመሪያ ጣቶቹ ተቆረጡ፣ ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ ክንዱ። ከብዙ ቀዶ ሕክምናና ሥቃይ በኋላ በ1928 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። እኔ ይህን ታሪክ ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲስተር ጣታቸውን ሲያስገቡ ግን ኬልስ ትዝ አላለኝም።

ፊልሙና ጨረሩ ስለሚስተካከሉባቸው ስለ ፓራለልና ባይሴክቲንግ ቴክኒኮች እዚህ አልጽፍም፣ መጽሐፋችሁ ላይ አለ። እናንተን ሳይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በፊልም ፈንታ የምትጠቀሙበት ሴንሰር ፎቶውን በሰከንዶች ውስጥ ስክሪን ላይ ስለሚያመጣላችሁ ሳታስቡ ትደግማላችሁ። አልወጣም? ድገም። አሁንም? ድገም። ጨለማ ክፍል ውስጥ መጠበቅ እኛን ያስተምረን ነበር፣ ፎቶው ለምን እንደተበላሸ የምናስብበት ጊዜ ይሰጠን ነበር ብዬ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። አሁን ስጽፈው ግን ያን ቀን እኔም ጨለማ ክፍል ገብቼ ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ አራት ጊዜ ነው ያነሣሁት። እንግዲህ መጠበቁ ብቻውን አላስተማረኝም ማለት ነው። ያም ሆኖ ከመድገማችሁ በፊት እጃችሁን ከቁልፉ አንሡና ምን እንደተሳሳተ በቃል ተናገሩ። «ኮኑ ወደ ኋላ ይሂድ» ወይም «የቁም ማዕዘኑ አንሷል» በሉ። መናገር ካልቻላችሁ ሁለተኛውም ያው ነው የሚወጣው።

ኤፕረኗን ካነሣሁ አይቀር፣ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ለታካሚ የሊድ ኤፕረንና የአንገት መከላከያ ማልበስ ይቅር ብሎ መክሯል። ጨረሩን በፊልሙ ወይም በሴንሰሩ ልክ አራት ማዕዘን አድርጎ ማጥበብና ፎቶውን በምክንያት ብቻ ማንሣት ይበልጣል ነው ሐሳቡ። ማስረጃው አሳማኝ ነው፣ እኔም ማስረጃ ተከተሉ ብዬ ነው የማስተምራችሁ። ሕፃን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን እጄ አሁንም ወደ አንገት መከላከያው ይሄዳል። አልተውኩትም። የአገራችሁ ደንብ የሚለውን እናንተ ተከተሉ።

ርቀትን ግን ማንም አልሻረውም። ከግድግዳ ጀርባ መቆም ካልቻላችሁ ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ፣ ከጨረሩ አቅጣጫም ከ90 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ማዕዘን በኩል ቁሙ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርስባችሁ ጨረር ሩብ ይሆናል። ይህን ሁላችሁም በቃላችሁ ትሉታላችሁ። እኔ የምለምናችሁ ሌላ ነው፦ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት እናንተ የሸሻችሁት ቦታ ላይ ማን እንደቀረ ዞር ብላችሁ እዩ።

«ታዲያ ልጁ እምቢ ካለ ማን ይያዝ?» ትሉኛላችሁ። ከሠራተኛ ማንም። አንተም፣ አንቺም፣ ረዳቱም፣ «እኔ ልያዝ» ብሎ የሚለምን ደግ ሰውም ቢሆን። መጀመሪያ ፎቶው ዛሬ የግድ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የግድ ከሆነ ሆልደር ተጠቀሙ። እሱም ካልሆነ ወላጅ መከላከያ ለብሶ፣ እጁ ከዋናው ጨረር ውጪ ሆኖ፣ ልጁን ይደግፍ። የግድ ካልሆነ ሌላ ቀን ቅጠሩት።

የጠየቀችኝን ልጅ ስሟን እንኳ አላጣራሁም። እኔ በእሷ ዕድሜ መምህር ያሳየኝን ስላይድ እገለብጥ ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ዛሬ ጠዋት ስላይዱን ከፈትኩት። ፊልሙን አላወጣሁትም፣ ከበታቹ ያለውን ጽሑፍ ነው የቀየርኩት። «ስህተት፦ የጣት ጥላ» የሚለውን አጥፍቼ «ስህተት፦ መነሣት ያልነበረበት ፎቶ። ጣቱ የሲስተር ነው» ብዬ ጻፍኩበት።