የቅዳሜው ሥዕል የሥራ ልምድ ይባላል ወይ?

ጥያቄሽን አሳጥሬ ላስቀምጠው። የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ልጅ ነሽ፤ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሥራ ፍለጋ ላይ ነሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀፊራ አካባቢ በሚሰባሰብ የሠፈር የሥዕል ቡድን ውስጥ በነጻ ታገለግያለሽ፤ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች፣ ጡረተኞች፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆችና ከቤት እምብዛም የማይወጡ እናቶች አብረው ይሥላሉ። ቤተሰቦችሽ «ባንክ አመልክቺ፣ ቀለም መለቅለቁን ተይው» ይሉሻል። አንቺ ደግሞ «ይህ የሥራ ልምድ ይባላል? እንጀራስ ይወጣዋል?» ብለሽኛል።

ልምድ ነው። ሲቪሽ ላይ ግን መጨረሻ፣ «የትርፍ ጊዜ ፍላጎት» ከሚለው ሥር፣ ከሙዚቃ ማዳመጥ ጎን ጥለሽዋል። ቀጣሪ እዚያ ድረስ አያነብም።

የሚገርመው፣ ዋናውን ነገር ሳታስቢው በደብዳቤሽ ጽፈሽልኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፌት ሲሰፉ የኖሩ የሐረር እናት «ብሩሽ አልነካም» ብለው ዳር ይዘው ተቀመጡ። አልጎተጎትሻቸውም። መስማት የተሳነው ልጅ ቀለም ለመምረጥ ሲያመነታ ቆርቆሮዎቹን አስይዘሽ ወደ እሳቸው ላክሽው። እሳቸውም ለስፌት እንደሚመርጡ ሁሉ ቀዩን ከጥቁሩ አጠገብ አደረጉና ቢጫውን መለሱለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከልጁ ጎን ተቀመጡ።

ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ብዙ አይደለም። በምንም ቋንቋ የማይግባቡ ሁለት ሰዎችን፣ ማንንም ሳታሳፍሪ፣ አንድ ሥራ ላይ አቀመጥሽ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ጠረጴዛ በሚሰማባት ድሬዳዋ፣ ከሕፃናት፣ ከአካል ጉዳተኞች ወይም ከተፈናቃዮች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች «የማኅበረሰብ አስተባባሪ» ብለው ማስታወቂያ ሲያወጡ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ሥዕል እወዳለሁ» የሚለውን ሰርዢና በሥራ ልምድ ሥር፣ ከነቀኑ፣ እንዲህ በይ፦ «መስማት የተሳናቸው ወጣቶችና አረጋውያን የሚሳተፉበትን ሳምንታዊ የሥዕል ቡድን በበጎ ፈቃድ አስተባብሬአለሁ፤ የቁሳቁስ ግዥና የወጪ መዝገብም ይዣለሁ።» ጥቂት የምልክት ቋንቋ መልመድሽን አትደብቂ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚሰጥ ሙያ ነው። «በሥዕል ሕክምና እሰጣለሁ» የሚለውን አረፍተ ነገር ግን አውጪው። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሽም፤ ጠያቂው ባለሙያ ከሆነ ደግሞ በዚያች ቃል ብቻ ቃለ መጠይቁ ያበቃል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንቺ የሥዕል ቡድኑና የተማርሽው ሒሳብ ሁለት የተለያዩ መንገዶች መስለውሻል፤ እኔ አንድ መንገድ ነው የሚታየኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113፣ ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ታዲያ የቀለሙ ግዥ የፕሮግራም፣ ማለትም የዋናው ሥራ ወጪ ነው ወይስ የአስተዳደር? የአዳራሹ ኪራይስ? ይህን ለመለየት ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሒሳብ ሠራተኛ ያስፈልጋል። በየድርጅቱ ሥራውን ሳያውቅ ደረሰኝ የሚሰበስብ ሞልቷል። አንቺ ከሁለቱም ወገን ቆመሻል፤ «የፕሮጀክት ሒሳብ ሠራተኛ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ተከታተዪ።

ቡድኑን ራሱን እንጀራ ማድረግ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ደመወዝ አትጠብቂበት። ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ አምስት አባላት ይበቃሉ። ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ከተማ ስለሆነች ምዝገባው በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በኩል ነው፤ የሐረር ሰዎች የሚነግሩሽ የክልል አሠራር ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። ሥዕሎቹን በፖስት ካርድ አሳትማችሁ ለጎብኚ የመሸጥ ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። ሆኖም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ መሠረት የሥዕሉ መብት ባለቤት የሣለው ሰው ነው። ከእያንዳንዱ ሠዓሊ በጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ፣ ለልጆቹም ከአሳዳጊዎቻቸው፤ ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፈልም እዚያው ይጻፍ። በችግረኛ ልጅ ሥዕል ገንዘብ ሰብስቦ ለልጁ ሳንቲም አለማድረስ እኔ ዘንድ ከስርቆት አይለይም።

ከቡድኑ ሰብሳቢ የተፈረመ የምስክር ደብዳቤ ያዢ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግብር ያልተከፈለበትን አገልግሎት እንደ ዓመት ልምድ ላይቆጥሩልሽ ይችላሉ፤ ሌሎች ቀጣሪዎች ዘንድ ግን ዋጋ አለው።

ባንኩንም አመልክቺ፤ ቤተሰቦችሽ በዚህ አልተሳሳቱም። ብቻ ባንክ ቅዳሜም ይሠራልና፣ መልሱ ሳይመጣ ቡድኑ ወደ እሑድ ከሰዓት መዛወር ይችል እንደሆነ ከወዲሁ አነጋግሪያቸው።