ከባዶ ጠርሙስ የመጠጫ ብርጭቆ ስለ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ላይ የመስኮት መስታወት በመቁረጥና በመግጠም ረጅም ዘመን ስለ ሠራሁ፣ ባዶ ጠርሙስን ቆርጦ መጠጫ ስለ ማድረግ ከሰሜን ሸዋ ልዩ ልዩ ወረዳዎች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የሚጨነቁት ስለ መቁረጡ ነው። መቁረጡ ግን የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ አፉን ማለስለሱ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ እንግዳ ከንፈሩን የሚያሳርፈውም እዚያው አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ማለስለሱ ስጽፍ ብረዝምባችሁ ታገሡኝ።

ከመሐል ሜዳ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ቤታችን የቢራም የወይንም ጠርሙስ አለ። የትኛውን ብቆርጥ ይሻላል?

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። የወይኑን አስቀድም። የቢራ ጠርሙስ በባለ 24 ሳጥኑ ተመልሶ ወደ ፋብሪካ የሚሄድ ዕቃ ስለሆነ፣ ብትቆርጠው መያዣ የተከፈለበትን ጠርሙስ ማጥፋትህ ነው፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ ተመላልሶ እርስ በርሱ ሲጋጭ የኖረ ጠርሙስ ትከሻውና ታችኛው ወገቡ ላይ እንደ ቀለበት የነጣ ጭረት ይኖረዋል፤ ስንጥቁም መስመሩን ለቆ ወደዚያ ሊሸሽ ይችላል። የወይን፣ የጂንና የውስኪ ጠርሙስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመላሽ ስላልሆነ ቆራሌው በርካሽ የሚወስደው ነው። ስትመርጥ ግድግዳው ቀጥ ያለውንና ጽሑፍ ወይም ጌጥ በጉብታ ያልወጣበትን ፈልግ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የወይን ጠርሙስ ከመቀመጫው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆረጥ የሊትር ሢሶ ያህል ይይዛል፤ ለጠላ ደኅና መጠን ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሃለሁ፦ የፀረ ተባይ፣ የከብት መድኃኒት ወይም የባትሪ አሲድ የነበረበትን ጠርሙስ፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ ለመጠጫ አታድርገው። ምን እንደነበረበት በእርግጠኝነት የማታውቀውንም እንደዚያው ተወው።

ከደብረ ሲና፦ ክር በነጭ ጋዝ ነክሮ ጠርሙሱ ላይ አስሮ ማቃጠልና ውኃ ውስጥ መንከር ቀላል ነው ይባላል። ለምን አይመክሩም?

እኔም የጀመርኩት በዚያ ነበር። ክሩ በሁሉም ቦታ እኩል አይነድም፤ ቋጠሮው ያለበት ወገን ብዙ ጋዝ ስለሚይዝ አብዝቶ ይሞቃል፤ ስንጥቁም ሙቀቱን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ክሩን አይከተልም። ከሦስት ጠርሙስ ሁለቱ አፋቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይቀርብኝ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ የሚነድ ጋዝ እጄ ላይ ፈስሶ ለሳምንታት መሥራት አልቻልኩም። ክር የሚያቃጥል ሰው የሚያጣው ነገር ጭረት ነው። መስታወት የሚሰነጠቀው ደካማ ከሆነበት ቦታ ስለሆነ፣ ድካሙን እኛ በፈለግነው መስመር ላይ ካልፈጠርንለት የራሱን መንገድ ይመርጣል።

ከአንኮበር፦ እንግዲያው የጭረቱንና የሙቅ ውኃውን አሠራር ዘርዝረው ይንገሩኝ።

መጀመሪያ ጠርሙሱን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈሽ ወረቀቱንና ሙጫውን አስለቅቂ። ቀጥሎ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥበት ቤት ትንሽ መንኮራኩር ያለውን የመስታወት መቁረጫ ግዢ። ጠርሙሱን አስተኝተሽ እንዳይንሸራተት በሁለት ጣውላ መካከል አሳርፊው፤ መቀመጫውን ከግድግዳ ወይም ከሦስተኛ ጣውላ ጋር አስጠጊው። መቁረጫውን በአንድ ቦታ አጽንተሽ፣ የሚዞረው ጠርሙሱ ይሁን። መንኮራኩሩን ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ አስነክተሽ፣ እኩል በሆነ ቀላል ግፊት፣ መነሻው ላይ እስኪገጥም ድረስ አንድ ጊዜ ብቻ አዙሪ። ትክክለኛ ጭረት ሲሄድ ቀጭን የመሰንጠር ድምፅ ያሰማል፤ ነጭ ዱቄት ከተነ ግን አብዝተሽ ተጭነሻል ማለት ነው። ባላማረው ጭረት ላይ ደግመሽ አትሂጂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ጭረት የመጀመሪያውን አያጠናክረውም፣ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ይከፍትለታል እንጂ።

ከዚያ የፈላ ውኃ አፉ በቀጠነ ማንቆርቆሪያ ይዘሽ፣ ጠርሙሱን ቀስ ብለሽ እያዞርሽ ጭረቱ ላይ ብቻ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ሰከንድ አፍስሺ፤ ወዲያው ከቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር አድርጊው። ይህን እያፈራረቅሽ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ስትደጋግሚ አንገቱ በራሱ ይለቃል። በእጅ መሳብ ወይም መምታት አያስፈልግም። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ግን ከመጀመሪያው ጭረት ጀምሮ አይለዩሽ።

የሚለቅበት ምክንያት ይህ ነው። መስታወት ሲጨመቅ ብርቱ፣ ሲወጠር ግን ደካማ ነው። የሞቀው ውጭኛ ገጽ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኘው ሊኮማተር ይሻል፤ ውስጡ ገና ሙቅ ስለሆነ ግን አይለቀውም፤ ስለዚህ ገጹ ይወጠራል፤ ውጥረቱም የጭረቱን ጫፍ ይከፍተዋል። ሥራውን የሚሠራው ማቀዝቀዙ ስለሆነ፣ ሙቁ ላይ ዘግይቶ ቀዝቃዛው ላይ መፍጠን ያስፈልጋል።

ከደብረ ብርሃን፦ እኛ ዘንድ ውኃ በሙሉ ሙቀቱ አይፈላም ይባላል። ይህ ሥራውን አያበላሽም?

አባባሉ እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው ወደ 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ግን ወደ 96 ይደርሳል። ነገር ግን ጠርሙሱን የሚለየው የሁለቱ ውኃዎች ልዩነት ነው፤ የደብረ ብርሃን የጧት ቧንቧ ደግሞ እጅ የሚያደነዝዝ ስለሆነ ልዩነቱ አይጎድልብንም። የቆላው ሰው ነው ይልቁን ቀዝቃዛውን ማሰብ ያለበት፤ ሌሊቱን በእንስራ ያደረ ውኃ ቢጠቀም ከቧንቧው ይሻለዋል።

ከሞላሌ፦ ቆርጬ ጨርሻለሁ፤ አፉ ግን ይቆርጣል። በምን ላለስልሰው?

አሁን ወደ ዋናው ሥራ መጣን፣ ወንድሜ። የሚያስፈልግህ ውኃ የሚችለው ጥቁሩ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ የመኪና ቀለም ቀቢዎች ስለሚጠቀሙበት የእነርሱን ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አታጣውም። ቁጥር 80ን፣ 120ን፣ 220ን፣ 400ንና 600ን ግዛ፤ 1000 ካገኘህ ደግሞ መልካም። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይደቅቃል።

በደንብ ጠፍጣፋ በሆነ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ወፍራም የመስታወት ቁራጭ ላይ፣ ቁጥር 80ን ዘርግተህ ውኃ አፍስስበትና ጠርሙሱን ደፍተህ በክብ እያዞርክ ፍጨው። አፉ ዙሪያውን እኩል ደብዝዞ ሲታይህ ተስተካክሏል፤ የሚያብለጨልጭ ቦታ ከቀረ እዚያ ጎድጓዳ ነው፤ ቀጥል። ከዚያ ወረቀቱን በእጅህ ይዘህ የውጩንም የውስጡንም ጠርዝ በ45 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ እንደ ምላጭ የሚቆርጠውን ስለት አጥፋ። የውስጡን ጠርዝ ብዙዎች ይረሱታል፤ ከንፈርንና ሲያጥቡ ጣትን የሚቆርጠው ግን እርሱ ነው። ወረቀቱን በወፍራም እንጨት ላይ ጠቅልለህ ብታሽከረክረው በእኩልነት ይደርስልሃል።

ወደሚቀጥለው ቁጥር ከመሸጋገርህ በፊት ብርጭቆውንም እጅህንም ታጠብ፤ የቁጥር 80 አንዲት ቅንጣት በ400 ላይ ብትገባ የሠራኸውን ሁሉ ትቧጭረዋለች። እያንዳንዱ ቁጥር የፊተኛውን ጭረት ሙሉ በሙሉ እስኪያጠፋ ድረስ አትቸኩል። ከ120 ወደ 600 ዘልለው «አልለሰለሰልኝም» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ 600 ግን 120 የቆፈረውን ሊሞላ አይችልም።

ሲያልቅ በጣትህ አትፈትነው። ባዘቶ ጥጥ ወስደህ በአፉ ዙሪያ፣ በውስጥም በውጭም ቀስ ብለህ አሳልፈው፤ አንዲት የጥጥ ክር እንኳ ይዞ ካስቀረ ሥራው አላለቀም። ይህን መፈተኛ እናቴ ጥጥ ስትፈትል ከጎኗ ተቀምጬ ነው ያገኘሁት፤ እስከ ዛሬ አታልሎኝ አያውቅም።

ወረቀት ካጣህ ደቃቅ አሸዋና ውኃ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መጀመሪያውን መፍጨት ይሠራልሃል፤ አሸዋ ከጠርሙስ ይልቅ ጠንካራ ነውና። በቤት ወፍጮ ላይ ግን በፍጹም እንዳታደርገው። የመስታወት ስባሪ በድንጋዩ ቀዳዳ ገብቶ ይቀርና ነገ ከበርበሬው ጋር ይበላል።

ከደብረ ሲና፦ የሚፈጨው መስታወት አቧራ ለሳንባ አይጎዳም?

ይጎዳል፣ ስለዚህ ደረቁን አይፍጩት። ሁልጊዜ በውኃ ይሁን፤ ጭቃውም ሳይደርቅ በጨርቅ ተጠርጎ ይጣል። አፍና አፍንጫንም መሸፈን ጥሩ ነው።

ከአንኮበር፦ ሻይ ቢቀዳበት ይችላል?

ጠላ፣ ብርዝ፣ ውኃና ጠጅ እንጂ ሻይና ቡና አትቅጂበት። የተለመደው ጠርሙስ 40 ዲግሪ ገደማ የሆነ ድንገተኛ የሙቀት ልዩነት እንዲችል ተደርጎ የሚሠራ ዕቃ ነው። የአንኮበር ጧት 10 ዲግሪ ላይ ያደረ ብርጭቆ 85 ዲግሪ ሻይ ቢቀበል ልዩነቱ 75 ይሆናል። ፋብሪካ የሠራው አፍ በእሳት ቀልጦ የተዘጋ ነው፤ እኛ የፈጨነው ግን ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ጭረቶች አሉበት፤ ስንጥቅም የሚነሣው ከዚያ ነው። በእጅ ላይ ሻይ ይዞ የሚከፈል ብርጭቆ ለሕፃን እንዲሰጥ አልፈልግም።

ከሸዋ ሮቢት፦ እኛም አፉን በጋዝ ምድጃ አቅልጠን እንደ ፋብሪካው ብናደርገውስ?

አይሆንም። መስታወት ከቀለጠ በኋላ ከ550 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ በምድጃ ውስጥ ቀስ በቀስ መብረድ አለበት፤ ካልሆነ ውጥረቱ ውስጡ ተቆልፎ ይቀርና ከቀናት በኋላ ማንም ሳይነካው ሊፈነዳ ይችላል።

ከመሐል ሜዳ፦ ቡናማውና አረንጓዴው ቀለም ወደ መጠጡ አይለቅም?

ቀለሙ በላዩ የተቀባ አይደለም፤ መስታወቱ ሲቀልጥ አብሮ የተዋሐደ ነው። አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ከክሮሚየም፣ ቡናማው ከብረት፣ ከድኝና ከከሰል የሚገኝ ሲሆን በመጠጥ አይታጠብም። በላዩ የታተመ ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ግን የተለየ ነው፤ የአንዳንዱ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ጽሑፉ ከአፉ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ የማይርቅ ከሆነ ሌላ ጠርሙስ ፈልግ።

ከሞላሌ፦ የተቆረጠውን አንገትና ስባሪውን ምን ላድርገው?

አንገቱ ጠርዙ ከለሰለሰ በኋላ ዘይት ወይም አረቄ ወደ ሌላ ጠርሙስ ለመገልበጥ ደኅና ማንቆርቆሪያ ይሆንሃል፤ እኔም ቤት አንድ አለ። ስባሪውን በወፍራም ካርቶን ጠቅልለህ አስረህ፣ «መስታወት» ብለህ ጽፈህበት ለቆራሌው ወይም ለቆሻሻ ሰብሳቢው በእጁ ስጠው። ፍግ ላይ ወይም አጥር ሥር አትድፋው፤ ከብቱም ባዶ እግሩን የሚሮጠው ልጅም የሚያልፈው እዚያ ነው።