ለልጅሽ ፒያኖ ስትመርጪ መጀመሪያ ቁልፉን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የ9 ዓመት ልጅሽ ፒያኖ ጀምራለች። ቤታችሁ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፣ ከጎረቤት የምትለያችሁ አንዲት ግድግዳ ናት፣ መብራቱም እንደምናውቀው ነው። ሱቅ ውስጥ 61 ቁልፍ ያለው፣ በመቶ የሚቆጠር ድምፅና ሪትም የተጫነበት ኪቦርድ በደህና ዋጋ አግኝተሻል። «እሱን ልግዛላት ወይስ ትንሽ ጠብቄ ዲጂታል ፒያኖ?» ብለሻል።

ጠብቂና ዲጂታል ፒያኖ ግዢላት። ለምን እንደምል ላስረዳሽ። ረዘም ይላል፣ ግን ብዙ ብር የምታወጪበት ነገር ስለሆነ ታገሽኝ።

እኔ ቀበሌ 14 አካባቢ ቤቴ ውስጥ ለሰፈር ልጆች ፒያኖ አስተምራለሁ። ኪቦርድ ላይ ጀምረው የሚመጡ አሉ። ቀላል ቁልፍ የለመደ ጣት ወዲያው ያስታውቃል። ጠፍጣፋ ነው፣ ሁሉንም ኖታ በአንድ ጉልበት ይመታል። «እዚህ ጋ ለስለስ አድርጊው» ስትያት የልጅቷ እጅ ወደ ቮሊዩም ማዞሪያው ይሄዳል። ልጅቷ ሰነፍ ሆና አይደለም። ቤቷ ያለው ዕቃ ድምፅን የሚያለሰልሰው ጣት መሆኑን አሳይቷት አያውቅም። ይህን ልማድ ማስተው ደግሞ አዲስ ከማስተማር በላይ ጊዜ ይበላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። እውነተኛ ፒያኖ ውስጥ ቁልፉን ስትጫኚ መዶሻ ተነስቶ ክር ይመታል። በኃይል ከጫንሽ ይጮኻል፣ በቀስታ ከጫንሽ ያንሾካሹካል። ጥሩ ዲጂታል ፒያኖ ክር የለውም፣ ግን ቁልፉ ሥር የመዶሻውን ክብደት የሚተካ አሠራር አለው። ሃመር አክሽን የሚሉት እሱን ነው። ከሥሩ ደግሞ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት መነካኪያዎች አሉ። ቁልፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ድምፁ ምን ያህል መውጣት እንዳለበት ይወስናል። ርካሽ ኪቦርድ ላይ ቁልፉን የሚመልሰው ስፕሪንግ ነው። ጭራሽ የጣትን ጉልበት የማይለይም አለ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ በየቀኑ ለሚለማመድ ልጅ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል።

ኪቦርድ ለምንም አይረባም እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በይልኝ። ሠርግ ላይ ለሚጫወት፣ መዝሙር ለሚያጅብ ሰው ሪትሙም ስታይሉም ያስፈልገዋል፤ እሱ ኪቦርድ ቢገዛ ትክክል ነው። ያንቺ ልጅ ግን የጀመረችው ፒያኖ ነው። አንድ ጥሩ የፒያኖ ድምፅ ይበቃታል።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አድምጪያቸው። በ1923 እ.ኤ.አ. ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት መነኩሲት ናቸው። ብቻቸውን ፒያኖ ላይ ተቀምጠው፣ ከበሮ የለ፣ ሪትም የለ፣ አንዷን ኖታ ጎላ ሌላዋን ደብዘዝ እያደረጉ ነው ልብ የሚነኩት። ያንን ስፕሪንግ ቁልፍ ላይ ማውጣት በጣም ይከብዳል። እኔ ለልጆቹ መጀመሪያ የማሳያቸው ነገርም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ከኤፍ ሻርፕ (ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች በግራ በኩል ካለው) ጀምሮ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች በተርታ ማስነካት ነው። የሚወጣው ትዝታ ሜጀር ነው። ልጁ ኖታ ሳያነብ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እናቱ ቤት ውስጥ የምታንጎራጉረውን ዓይነት ዜማ በራሱ ጣት ያገኛል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከዚያው ከኤፍ ሻርፕ ሲጀመሩ ነጭ ቁልፍም ስለሚያስገቡ ቆየት ብለው ይመጣሉ። ከዚያ ያችኑ አምስት ኖታ አንዴ ጮክ፣ አንዴ እንደ ሹክሹክታ አድርጎ እንዲጫወት እጠይቀዋለሁ። ጥሩ ቁልፍ ላይ ከሆነ ፊቱ ሲበራ ታዪዋለሽ።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቢ ዓይን አዋጅ እንዳይሆንብሽ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ሻጩ ማሳያውን ሪትም ከከፈተልሽ በትህትና አስጠፊው። የፒያኖውን ድምፅ ብቻ ይተውልሽ። መጀመሪያ ቁልፎቹን ቁጠሪ፣ 88 መሆን አለባቸው። ከዚያ ዕቃውን አንሺው። አዎ፣ በእጅሽ አንሺው። ሃመር አክሽን ያላቸው ባለ 88 ቁልፍ ፒያኖዎች ብዙውን ጊዜ ከ10 ኪሎ በላይ ናቸው። «ዌይትድ ነው»፣ ማለትም ቁልፉ እንደ እውነተኛ ፒያኖ ክብደት አለው፣ ተብሎ በአንድ እጅሽ ብድግ ካለልሽ ውስጡ መዶሻ የለም። ተጠቅልሎ የሚቀመጠውን የላስቲክ ፒያኖም በዚሁ እለፊው።

ቀጥሎ ከግራ በኩል የመጨረሻውን ወፍራም ድምፅ ተጫኚ፣ ከዚያ ከቀኝ በኩል የመጨረሻውን ቀጭን። የግራው ትንሽ ከበድ ማለት አለበት፣ እውነተኛው ፒያኖም እንደዚያ ነው። ከመሐል አንድ ቁልፍ ምረጪና ድምፅ እንዳያወጣ አድርገሽ በጣም በዝግታ ጫኚው። ከዚያ በጥቂቱ ፍጥነት እየጨመርሽ ተጫኚ። ድምፁ ደረጃ በደረጃ ካደገ ጥሩ ነው፣ ከዝምታ ዘልሎ ጩኸት ውስጥ ከገባ ተይው። ቁልፉን ከጫፉ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብለሽም ሞክሪው። ጥቁሮቹ መሐል ጣት ሲገባ በጣም የሚከብድ ከሆነ ትንሽ እጅ ላላት ልጅ ያስቸግራል።

ሞዴል ጥሪ ካልሽኝ፣ ለጀማሪ በሰፊው የሚታወቁት ያማሃ ፒ 45፣ እሱን ተክቶ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒ 145፣ ካሲዮ ሲ ዲ ፒ ኤስ 110 እና ሮላንድ ኤፍ ፒ 10 ናቸው። ከፍ ካልሽ ካሲዮ ፒ ኤክስ ኤስ 1100፣ ሮላንድ ኤፍ ፒ 30 ኤክስ እና ካዋይ ኢ ኤስ 120 አሉ። እኔ በቁልፍ ብቻ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ሮላንዱን እመርጣለሁ። መነካኪያው ሦስት ነው፣ ቁልፉም በዋጋ ከሚበልጠው ኤፍ ፒ 30 ኤክስ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ያማሃ ፒ 45 ቀላልና ለአያያዝ የማያስቸግር ነው፣ ግን ብዙ በተን ስለሌለው ድምፅ ለመቀየር ያለችውን አንዷን በተን ይዘሽ ቁልፍ መጫን አለብሽ። ለልጅ ይሄ ጉዳት አይደለም፣ እንዲያውም ሐሳቧን አይበትንም። ፖሊፎኒ የሚሉትን ቁጥር ሻጮች ብዙ ያወሩለታል፤ በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ማሰማት እንደሚችል ነው። 64 ለጀማሪ ይበቃል፣ ለሱ ብለሽ ብር አትጨምሪ።

ዋጋ አልጽፍልሽም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብሩ ምንዛሪ በገበያ ስለሆነ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይሳሳታል።

አሁን ወደ መብራት። አንቺ እንደ ትንሽ ነገር ነው ያነሳሽው፣ ለእኔ ግን ከቁልፍ ቀጥሎ እሱ ነው። ልጅ የምትለማመደው ከትምህርት ቤት መልስ እስከ መኝታ ባለችው ሰዓት ነው፣ መብራት የሚሄደውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ከጠራሁልሽ ውስጥ ሁለቱ ካሲዮዎች በባትሪም ይሠራሉ። ግድግዳ ሰዓት ላይ የሚገባው ዓይነት 6 ባትሪ ነው የሚፈልጉት። የሚሞላ ባትሪ ከገዛሽ ያዋጣሻል። ሽምብጥ መብራት እየተደጋገመ የሚሄድባችሁ ከሆነ፣ በቁልፍ ሮላንዱን ባስበልጥም ለእናንተ ቤት ካሲዮ ብትገዢ አልቃወምሽም። በሳምንት ሦስት ቀን ተዘግቶ የሚውል የተሻለ ፒያኖ ምን ይሠራላታል?

ሌላ መንገድም አለ። እነዚህ ፒያኖዎች መብራት የሚበሉት እጅግ ትንሽ ነው፣ አብዛኞቹም በ12 ቮልት አዳፕተር ነው የሚሠሩት። ለዋይፋይ ከሚሸጡት ትንንሽ መጠባበቂያ ባትሪዎች መካከል 12 ቮልት የሚሰጡ አሉ። ግን ዝም ብለሽ እንዳትሰኪ። ፒያኖው ወይም አዳፕተሩ ላይ ፖዘቲቩ መሐል ይሁን ዳር የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል አለ፣ አምፒሩም ተጽፏል። ፖዘቲቩ መግጠም አለበት፣ የባትሪው አምፒርም ከተጻፈው ማነስ የለበትም። እርግጠኛ ካልሆንሽ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ልጅ ፈልገሽ አሳዪው።

አዳፕተር ካነሳን፣ ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን በሰው የመጣ ፒያኖ ሲሸጥ ካገኘሽ መጀመሪያ የምታነቢው አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ነው። «ኢንፑት» ከሚለው ፊት ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ችግር የለም። 120 ወይም 100 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። የሚስማማ አዳፕተር መግዛት ይቻላል፣ ዋጋው ላይ ግን ተደራደሪበት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጣና ላይ ነጎድጓዱ ሲጀምር ሶኬቱን ንቀይ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ዘመድ ከውጭ ያምጣልኝ ካልሽ አንድ ነገር ቀድመሽ ንገሪው። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታው ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው። ያማሃ ፒ 45 ካርቶኑ ሳይቆጠር 177 ገደማ ይመጣል። ክብደቱ ቢፈቀድም በመጠኑ ያስከፍላል፣ አንዳንዴም አይቀበሉትም። ከአዲስ አበባ በመኪና ካስመጣሽው መንገዱ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አባይ በረሃም አለበት። የመጀመሪያው ካርቶንና ፎሙ ይኑረው፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይም አይጫን።

ስለ ጎረቤት አትጨነቂ፣ ዲጂታል የገዛሽው ለዚያም ነው። ባለ ገመድ ሄድፎን፣ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ዓይነት ያዢላት። ብሉቱዝ አይሆንም፤ ጣቷ ከነካ በኋላ ድምፁ ዘግየት ብሎ ይመጣል፣ ጨዋታውን ያበላሽባታል። ያማሃዎቹ ትልቁን ጃክ ነው የሚቀበሉት፣ ማገናኛዋን አብረሽ ግዢ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሌሊት ፀጥ ሲል የቁልፉ የእንጨት ዓይነት ድብ ድብ ታች ላሉ ሰዎች ይሰማል። ከሥሩ ወፈር ያለ ምንጣፍ ብታነጥፊ ይቀንሰዋል።

የምግብ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው። ይሄን ብዙ ቤት አያለሁ። ጠረጴዛው 75 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ፒያኖው ሲጨመርበት የልጅቷ ትከሻ ጆሮዋ ሥር ይደርሳል። ቁልፎቹ ከወለሉ 72 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆኑ ነው የሚመቸው። የኤክስ ቅርፅ ያለው ስታንድ እንዲህ ያለ ክብደት ሲጫንበት ይወዛወዛል። ለአናጺ ንገሪና ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ እግሩ ጠንካራ የእንጨት ማስቀመጫ ይሥራልሽ። በርጩማዋን ደግሞ ክርኗ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ አስተካክዪ። እግሯ ካልደረሰ ከሥሩ ሣጥን አስገቢላት። ከፒያኖው ጋር የሚመጣው ቀላል ፔዳል ወለሉ ላይ ይንሸራተታል፤ ለጊዜው ይሁን፣ እሷም ገና አትፈልገውም።

አንድ ሰው ያረጀ እውነተኛ ፒያኖ በርካሽ አለ ቢልሽ አትጓጊ። ውስጡ ከ200 በላይ ክር አለ፣ አካሉ እንጨት ነው። እዚህ ሐይቅ ዳር በሐምሌና ነሐሴ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ቅኝቱ ይወርዳል። የሚቃኝልሽ ሰው ከየት ታመጪያለሽ? ዲጂታሉ ይህ ጣጣ የለበትም። ቢሆንም እርጥበትና አቧራ አይወድም። ከመስኮት አርቂው፣ ተጫውታ ስትጨርስ ንጹሕ አንሶላ አልብሱት። አቧራ ከቁልፉ ሥር ያለው የጎማ መነካኪያ ላይ ሲገባ አንድ ቁልፍ ብቻውን ይጮኻል ወይም ዝም ይላል።

ያገለገለ የምትገዢ ከሆነም የምትፈትሺው ይህንኑ ነው። 88ቱንም ቁልፍ አንድ በአንድ፣ በተመሳሳይ ጉልበት ንኪ። ከመሐል የሚጮኽ ወይም የሚደክም አለ? መሐል ያሉት፣ ብዙ የሚነኩት፣ ሲመለሱ ይንኳኳሉ? ሄድፎን ይዘሽ ሂጂና ቀዳዳው በሁለቱም ጆሮ መሥራቱን እዪ። ፔዳሉን ረግጠሽ አንድ ኖታ ንኪ፣ ጣትሽን ስታነሺ ድምፁ መቆየት አለበት። ልጅቷንም ይዘሻት ሂጂ፣ የምትቀመጥበት እሷ ናት። ሻጩ መብራት የለም ካለሽ መብራት ሲመጣ ተመለሺ።

ያገኘሽውን ሞዴል ፎቶ እዚህ ለጥፊው፣ የአዳፕተሩን ጽሑፍም ጨምረሽ። አይቼ እነግርሻለሁ።