መልስ፦ የድሮ ጦርነት ክብር ነበረው ወይ?

ወንድሜ፣ «የድሮ ጦርነት ክብር ነበረው፣ የዘመኑ ግን ጭካኔ ብቻ ነው ወይ?» ላልከው፣ እኔ በግማሹ ነው የምስማማው።

መቀሌን እንይ። በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የምሽጉን ውሃ አስያዙ። ጣልያኖቹ በጥም ተቃጠሉ። አፄ ምኒልክ ግን አዛዡን ጋሊያኖን ከነወታደሩና ከነመሣሪያው በሰላም ሸኙት። ኃይል እያለ እጅን መሰብሰብ ክብር ነው። ጋሊያኖ ግን ዐድዋ ላይ ተመልሶ ተዋጋ፣ እዚያው ሞተ።

ከድሉ በኋላስ? የጣልያን ምርኮኞች በአብዛኛው በደግ ተያዙ። ለጣልያን የተሰለፉት ኤርትራውያን ምርኮኞች ግን ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ባዕዱን የማረ ልብ በወገኑ ጨከነ። ፒያሳ ያለው የዐድዋ መታሰቢያ በገባሁ ቁጥር ይሄ ያመኛል።

ዘመናዊ ጦርነት ርቀት ጨመረበት። በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን መርዝ የረጨው ጣልያን የሚገድለውን ሰው ፊት አላየም። ግን ሁሉንም በመሣሪያው አታሳብብ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ጥቁር ሸሚዞች የተባሉት የፋሺስት ሚሊሻዎች የአዲስ አበባን ሰው የፈጁት በዱላ፣ በጩቤና በአካፋ ጭምር ነው፤ ቤቱንም በላዩ አቃጠሉበት። ስድስት ኪሎ ስትሄድ የሰማዕታት ሐውልት ላይ የተቀረጸውን ቀረብ ብለህ እየው።