ለደሴ ቤት የጥጥ አንሶላ ወይስ ፖሊስተር?

አብሽሪ እህቴ። ደሴ አዲስ ቤት ገብተሽ የጥጥ አንሶላ ይሻላል ወይስ ፖሊስተር ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ጥጥ እልሻለሁ። ፖሊስተር አይጨማደድም፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ግን ላብ አይመጥም። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ብትሆኚ ሙቀቱ ራሱ ይነግርሽ ነበር። የደሴን ብርድ ደግሞ ብርድ ልብሱ ይቻለው እንጂ ከአንሶላው አትጠብቂ።

ሻጩ «ንጹህ ጥጥ ነው» ካለሽ ከጠርዙ አንድ ክር መዘሽ አቃጥዪው። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ብን ይላል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግተሽም እዪው፤ ከሳሳ ተዪው።

ልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ፍራሽሽ ስፋቱ 1.50 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ከስር የሚታጠፈው ተጨምሮ 2.30 ሜትር ያህል ስፋት ያስፈልግሻል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ትንሽ ትርፍ ያዢ።

የትራስ ልብስ ከአንሶላው ቀድሞ ይቆሽሻል፤ የፀጉር ቅባቱም ቅቤውም እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ለአንድ አንሶላ ሁለት ጥንድ ግዢ። ክረምት ላይ ደሴ የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም።