ሳይኮሎጂ ለመማር ላሰበችው እህታችን፣ ስለ ትምህርቱ በስሕተት የሚነገሩ ነገሮች

እህቴ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደሽ ሳይኮሎጂ ለማጥናት እንዳሰብሽ፣ ቤተሰብሽ ግን «የእብድ ሐኪም ልትሆኚ ነው ወይ?» እንዳሉሽ፣ ጓደኞችሽም «ሒሳብ የሌለበት ቀላል ትምህርት ነው» እያሉ እንደሚያደፋፍሩሽ ጽፈሻል። በመጨረሻም የራስሽን ጭንቀት ለማስወገድ ይረዳሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። በዚሁ ሙያ ተምሬ በትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ውስጥ ስለምሠራ ያየሁትን በዝርዝር እጽፍልሻለሁ። ብዙ ተማሪ የሚጎዳው የጓደኞችሽ አስተያየት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ሳይኮሎጂን ሳይንስ የሚያሰኘው ስለ ሰው ባሕርይ የሚነገረውን ሁሉ በማስረጃ የሚመዝንበት ሥርዓት ነው፤ በመሆኑም ስታትስቲክስ፣ የምርምር ዘዴና የሥነ ልቦና ልኬት ከትምህርቱ መሠረቶች ውስጥ ናቸው። ከሒሳብ ለመሸሽ ብለው ከእኛ ጋር የገቡ ልጆች ስታትስቲክስ ሲጀመር ዲፓርትመንት ለመቀየር ሲሯሯጡ አይቻለሁ። ለምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የነገራቸው ቢኖር ኖሮ ብዙዎቹ በትዕግሥት ይማሩት ነበር ብዬ አምናለሁ። ድባቴን ለመለየት በብዙ አገሮች የሚያገለግለውን ፒ.ኤች.ኪው. 9 የተባለውን መጠይቅ ውሰጂ። ስላለፉት 2 ሳምንታት የሚጠይቁ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስለሚያገኝ ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል ይባላል። ወረቀቱን ማስሞላት ለማንም አይከብድም። ነገር ግን መጠይቁ የተዘጋጀው በአሜሪካ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው ኀዘኑንና ጭንቀቱን የሚናገረው በራስ ምታት፣ በማቃጠልና በድካም ነው። ስለዚህ 10 ነጥብ እዚህም ትክክለኛው መለያ መሆኑን ለማወቅ የመጠይቁን ውጤት ባለሙያ በቃለ መጠይቅ ከደረሰበት ውሳኔ ጋር ማነጻጸር፣ ስንት ሕመምተኛ እንዳመለጠንና ስንቱን ጤነኛ በስሕተት ሕመምተኛ እንዳልን ማስላት ግድ ይላል። ይህን ስሌት የማያውቅ ባለሙያ በእጁ ያለው ቁጥር ምን እንደሚነግረው ሳያውቅ በሰው ሕይወት ላይ ይወስናል።

ሁለተኛው፣ ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው ፊት አይቶ ልብ ያነባል የሚለው ነው። ሠርግ ላይም ሆነ ልቅሶ ቤት ሙያዬን ስናገር «አሁን ምን እያሰብሁ ነው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቦንድ እና ዲፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ24,000 በላይ ሰዎች የሰጡትን ፍርድ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ያለ ልዩ መሣሪያ ውሸትን ከእውነት መለየት የተቻለው በአማካይ 54 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ አገኙ፤ ይህም በዘፈቀደ ከመገመት እምብዛም አይበልጥም። በሥራቸው ውሸት ይለያሉ የሚባሉት ባለሙያዎችም ከሌላው ሰው የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። እኔ በሥራዬ የተማርሁት የተገላቢጦሹን ነው፤ መምህራን «ሰነፍ ሆነ» ብለው የላኩት ልጅ ሰሌዳው በደንብ የማይታየው፣ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ወይም በቤቱ ጠብ ምክንያት ሌሊት የማይተኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም የማውቀው ጠይቄና በትዕግሥት አዳምጬ እንጂ ፊቱን አይቼ አይደለም።

የቤተሰብሽን ጥያቄ በተመለከተ ሁለት ነገር አስረጃቸው። የአእምሮ ሐኪም፣ ማለትም ሳይካትሪስት፣ መጀመሪያ ሕክምና ተምሮ በዚያ ላይ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የወሰደ ዶክተር ነው፤ ይህ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነበር። ሳይኮሎጂ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ባለሙያውም መድኃኒት አያዝም። የሚሠራውም በትምህርት ቤት፣ በሠራተኛ አስተዳደር፣ በሕፃናት እድገት፣ በምርምርና ተፈናቃዮችን በሚረዱ ድርጅቶች ጭምር ነው። ሁለተኛውና ለእኔ የሚበልጠው፣ የታመመን ሰው «እብድ» ብሎ መጥራት ቤተሰቡ ልጁን እንዲደብቅና ለእርዳታ እንዲዘገይ ያደርጋል። ይህንን በገዛ ዓይኔ ስላየሁ ቃሉን በትዕግሥት ማለፍ ያቅተኛል።

ትምህርቱ ከእምነት ያወጣል የሚሉም አሉ። ልጃቸውን ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦች ሲያማክሩኝ የምለው ጠበሉን ተዉ ሳይሆን፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሳታማክሩት አታቋርጡ ነው። ሳይኮሎጂ ማለት ፍሮይድ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም፤ ሕመምተኛን በማናገር የማከም ዘዴው (ሳይኮአናሊሲስ) የታወቀው የነርቭ ሐኪም ፍሮይድ ስሙ ከመግነኑ በፊት ቪልሄልም ቩንት የተባለ ተመራማሪ በ1879 እ.ኤ.አ. በጀርመን ላይፕሲግ ከተማ የሳይኮሎጂ የሙከራ ላቦራቶሪ አቋቁሞ ነበር።

ስለ ራስሽ ጭንቀት የጠየቅሽውን ግን በጥንቃቄ አንብቢልኝ። ስለ ጭንቀት መማር ከጭንቀት መታከም ማለት አይደለም። እንዲያውም ስለ አእምሮ ሕመሞች የሚያስተምረውን ኮርስ ስንወስድ ብዙዎቻችን የምናነበው ምልክት ሁሉ በራሳችን ላይ ያለ ይመስለን ነበር። ጭንቀቱ እንቅልፍሽን ወይም ጥናትሽን የሚያውክ ከሆነ እስክትመረቂ አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ሄደሽ ባለሙያ አነጋግሪ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢም የተማሪዎች የምክር አገልግሎት መኖሩን ጠይቂ። እርዳታ መፈለግሽ ለሙያው እንደማትበቂ አያሳይም።

የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ሕሙማንን ለብቻ ለማከም እንደማያበቃ፣ ለክሊኒካል ሥራ ሁለተኛ ዲግሪና በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ልምምድ እንደሚያስፈልግ ከአሁኑ እወቂ። ዲፓርትመንት ከመምረጥሽ በፊት በፍሬሽማን የሚሰጠውን ጀነራል ሳይኮሎጂ በትኩረት ተከታተዪ፤ ከዚያም ወደ ዲፓርትመንቱ ሄደሽ የኮርሶቹን ዝርዝር፣ በተለይም ስንት የስታትስቲክስና የምርምር ኮርስ እንዳለና ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ የት እንደሚላኩ ጠይቂ።