ሦስት ሰዓት ተወያየን፣ የተናገሩት ግን አራት ሰዎች ናቸው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ዕድር አለን። ባለፈው እሁድ የዕድሩ ድንኳንና ዕቃ ለሰርግ ይከራይ ወይስ ይቅር ብለን ተሰበሰብን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያወሩት እነዚያው አራት አባወራዎች ናቸው፤ እኛ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠን ሰማን። በመጨረሻ ሰብሳቢው «እንግዲህ ተወያይተን ተስማምተናል» አሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ «ይሄማ የምክክር ዴሞክራሲ ነው» ይለኛል። ነው እንዴ? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ልጅዎ ግማሹን አግኝቶታል። ሐሳቡን ካስፋፉት ዋነኛው ጀርመናዊው ፈላስፋ ዩርገን ሃበርማስ ነው። እጅ ስለተቆጠረ ብቻ ውሳኔ አይጸናም፤ ነገሩ የሚነካው ሁሉ እኩል ተናግሮ፣ ምክንያቱን ሰጥቶ፣ የሌላውንም ሰምቶ መሆን አለበት ባይ ነው። ሲያወሩት ያምራል!

አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ፈላስፋ አይሪስ ማሪዮን ያንግ ግን ልክ እንደ እርስዎ ጠየቀች። በሩ ክፍት ቢሆንም፣ ረጋ ብሎ መከራከር የለመደው ሰው ብቻ ነው የሚሰማው አለች። ስለዚህ የራስን ገጠመኝ መተረክም እንደ ክርክር ይቆጠር ትላለች። እስቲ ያስቡት፣ ከሰርግ መልስ ስንት ብርጭቆ እንደሚጎድል ማን ያውቃል? አባወራዎቹ ወይስ ዕቃ አጣቢዎቹ? አንዷ ተነስታ «ዕቃውን አውሰን በማግስቱ ለለቀስተኛ ብርጭቆ ከጎረቤት ለመንን» ብትል እኮ የአራቱን ንግግር ታስረሳለች።

ከባዱ የእምነት ነገር ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በመሠረታዊ የአገር ጉዳይ ላይ እምነትህን የማይጋራውም ሊቀበለው የሚችል ምክንያት አቅርብ ይላል። ለአገር ይሁን፣ ለዕድር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። «ጠላ በተጠጣበት ብርጭቆ አልጠጣም» የሚል ጎረቤት፣ ንጽሕና ነው ምናምን እያለ ምክንያት ከሚፈጥር በግልጽ ቢናገረው ይሻላል፤ ብርጭቆ ለየብቻ መግዛት ይቻላላ።

ደግሞ ውይይት «ተስማምተናል» በሚል ቃል አያልቅም። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2016 99 ዜጎችን በዕጣ መርጣ ስለ ፅንስ ማቋረጥ ስታወያይ፣ ሰዎቹ በየጠረጴዛው ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ አወያይ ተመድቦለት ተነጋገሩ፣ ባለሙያም ሰሙ፣ ከዚያ በሚስጥር ድምፅ ሰጡ። የመጨረሻው ቃል የሕዝቡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018ቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው 66 በመቶው በሕገ መንግሥቱ የነበረው የፅንስ ማቋረጥ ክልከላ እንዲነሳ ደገፈ።

እናንተም በስድስት በስድስት ሆናችሁ ቡናው እስኪፈላ አውሩበት፣ ከዚያ በወረቀት ይቆጠር። ሰብሳቢው እንደገና «ተስማምተናል» ካሉ እጅዎን ያውጡና «ጋሼ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?» ይበሏቸው።